ስለ አንድ የተከለከለ መጽሐፍና ስለ ጋራ ዕውቀት አሠራር

አራት ጊዜ ተደጋግሞ የተባዛ ፎቶ ኮፒ ምን እንደሚመስል ለዩኒቨርስቲ ተማሪ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከመምህሩ እጅ የወጣችው አንዲት ሃንድአውት ከዶርም ወደ ዶርም ስትዞር የጠርዟ ጥላ እየሰፋ፣ ፊደሏ እየሳሳ ይሄድና በመጨረሻ ግማሹ በዓይን፣ ግማሹ በግምት ይነበባል። ዛሬ ልንጽፍበት የተነሳነው የአንድ እንደዚያ ያለ ወረቀት ታሪክ ነው። ወረቀቱ የአገራችን አይደለም፤ በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ የተዘጋጀ የመማሪያ ጽሑፍ ነው። ግን ለተማሪ ተጽፎ፣ ተማሪ እንዳያነበው ተከልክሎ፣ በተማሪ እጅ እየተባዛ የኖረ ስለሆነ ከኛ ጉዳይ የራቀ አይደለም። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

ርእሱን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። «ኦፕን ሶርስ» የሚለው ቃል በየኮሪደሩ ይነሳል፤ ሲነሳም ብዙ ጊዜ «ነጻ ነው፣ ይወርዳል፣ አለቀ!» በሚል ይዘጋል። እርስ በርሳችን ስንከራከር አንዳንዶቻችን ነገሩን የደግ ሰዎች ምጽዋት አድርገን አየነው፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ የትላልቅ ኩባንያዎች ብልጠት ነው አልን። ታሪኩን ቀረብ ብለን ስናየው ግን ከሁለቱም የተለየ ሆኖ አገኘነው። በመሠረቱ የንባብ ታሪክ ነው፤ ማን የማንን ጽሑፍ እንዲያነብ ተፈቀደለት፣ ያነበበውስ ምን ጨመረበት የሚል።

መጀመሪያ ላይ ሶፍትዌር የሚባል ሸቀጥ አልነበረም ማለት ይቻላል። ኮምፒዩተር አንድ ክፍል የሚሞላ ብረት ነበር፤ ፕሮግራሙ ከብረቱ ጋር እንደ ገበያ ምርቃት ይሰጥ ነበር። በ1955 የአይቢኤም 704 ኮምፒዩተር ተጠቃሚዎች «ሼር» የሚባል ማኅበር አቋቁመው የጻፉትን ፕሮግራም መለዋወጥ ጀመሩ። ከመሥራቾቹ መካከል በገበያ የሚፎካከሩ የሎስ አንጀለስ አካባቢ የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ነበሩበት። ተፎካካሪዎች ለምን ተረዳዱ ቢባል፣ እያንዳንዱ ያንኑ ፕሮግራም ለየብቻው ቢጽፍ ሁሉም ከሳሪ ይሆን ስለነበር ነው። ከዚያ በ1969 ሰኔ ወር አይቢኤም ፕሮግራሞችን ከብረቱ ነጥሎ ዋጋ እንደሚያወጣላቸው አስታወቀ። ዋጋ የወጣለት ነገር ደግሞ መጋረጃ ይሠራለታል።

በዚያው በ1969 በኒው ጀርሲ የቤል ላብራቶሪ «መልቲክስ» ከተባለ ትልቅ የጋራ ፕሮጀክት ወጥቶ ነበር። ሥራ የፈቱት ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ብዙም ፈላጊ ባልነበረው ፒዲፒ-7 በተባለ ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ የራሳቸውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም መጻፍ ጀመሩ፤ ይህም በኋላ ዩኒክስ ተባለ። ሻል ያለ ኮምፒዩተር ለማግኘት አለቆቻቸውን ያሳመኑበት መንገድ የሚያስቅ ነው። የላብራቶሪው የፓተንት ክፍል ሰነዶቹን የሚያዘጋጅበት የጽሕፈት ሥርዓት እንሠራለን ብለው ፒዲፒ-11 አስገዙ። እንግዲህ ከመጀመሪያዎቹ የዩኒክስ ተጠቃሚዎች መካከል የፓተንት ማመልከቻ የሚጽፉ ታይፒስቶች ነበሩ ማለት ነው። በ1973 ፕሮግራሙ ሪቺ በፈጠረው በሲ ቋንቋ እንደገና ተጻፈ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የኦፕሬቲንግ ሲስተም ጽሑፍ እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው የሚጻፈው ለአንድ ብረት ብቻ በሚገባ ድርቅ ያለ ቋንቋ ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ሰው፣ ሌላ አገር ሆኖ፣ ቁጭ ብሎ ሊያነበው የሚችል ጽሑፍ ሆነ።

ታዲያ ይህ ጽሑፍ ከላብራቶሪው ግድግዳ እንዴት ወጣ? በላብራቶሪው ሰዎች ደግነት ብቻ አልነበረም። የቤል ላብራቶሪ ባለቤት የነበረው ኤቲ ኤንድ ቲ የቴሌፎን ኩባንያ በሞኖፖል ተከሶ በ1956 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ባደረገው ስምምነት ከመገናኛ ሥራ ውጪ እንዳይነግድ ታግዶ ነበር። ስለዚህ ዩኒክስን እንደ ሸቀጥ መሸጥ አልቻለም። ቶምፕሰንና ሪቺ በ1974 ሐምሌ ስለ ሥራቸው በሙያ መጽሔት ላይ ጽሑፍ ሲያወጡ ዩኒቨርስቲዎች «ላኩልን» አሉ፤ ኩባንያውም በትንሽ ገንዘብ ፈቃድ እየሰጠ ቴፑን ከነሶርስ ኮዱ ላከ። ሶርስ ኮድ ማለት ሰው በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈው የፕሮግራሙ ዋና ጽሑፍ ነው። ግን አንድ ነገር ቆረጠ፦ ቴፑን ውሰዱ፣ ቢበላሽ አናውቃችሁም። ጥገና የለም፣ ምክር የለም፣ ዋስትና የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ያለ ይመስለናል። ማኅበሩን የወለደው ይኸው የእርዳታ እጦት ነው። ችግር የገጠመው የአንዱ ዩኒቨርስቲ ተማሪ የሚጠይቀው ባለቤት ስላጣ የሌላውን ዩኒቨርስቲ ተማሪ ጠየቀ፤ ያም ኮዱ በእጁ ነበርና ገልጦ አይቶ መለሰ። ባለቤቱ ስልክ ቢያነሳ ኖሮ ሁሉም ወደ ባለቤቱ ይደውል ነበር፤ እርስ በርስ መተዋወቅም ባላስፈለገ። እጦት ብቻውን ግን ማኅበር አይወልድም፤ ሶርስ ኮዱ ባይኖር ኖሮ ሁሉም በየቤቱ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። እጦትና ጽሑፍ ሲገናኙ ነው።

ሌላም ጥሩ ልማድ ነበራቸው። ከ1971 ጀምሮ በሚወጣው የዩኒክስ መመሪያ ውስጥ እያንዳንዱ ትእዛዝ ምን እንደሚሠራ ከተገለጸ በኋላ ከግርጌው ጉድለቱ የሚጻፍበት ክፍል ነበር። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ራሱ «ይህ ይህ አይሠራለትም» ብሎ ይናዘዛል። የኛን ቤተ ሙከራ ሪፖርቶች እስኪ እናስታውስ! ውጤቱ ከመጽሐፉ ጋር እንዲገጥም ቁጥር ያላሻሻለ እጁን ያውጣ። ጉድለቱን ራሱ የጻፈ ሰው ለሚቀጥለው ሰው የሥራ መጀመሪያ ሰጠው ማለት ነው፤ ጉድለቱን የደበቀ ግን የሚቀጥለውን ሰው ከዜሮ ያስጀምረዋል።

አሁን ወደ ሲድኒ እንምጣ። በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርስቲ ጆን ላየንስ የሚባል የኮምፒዩተር ሳይንስ መምህር ነበረ። ዩኒክስ ወደ ዩኒቨርስቲው እንደደረሰ አንድ ነገር ታየው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም በዚያን ጊዜ በሁለት መንገድ ይሰጥ ነበር፤ ወይ እንደ ባዶ ቲዎሪ፣ ወይ ተማሪዎች የአሻንጉሊት ያህል ትንሽ ፕሮግራም ጽፈው። እውነተኛውን ሲስተም፣ ሰው በየቀኑ የሚሠራበትን፣ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ የጨረሰ ተማሪ አልነበረም፤ በመቶ ሺሕ መስመር የሚቆጠር ጽሑፍ ማን ያነባል? የዩኒክስ ስድስተኛ እትም ዋና ክፍል ግን ወደ 9,000 መስመር ብቻ ነበር። አንድ ሰው በአንድ የትምህርት ዓመት አንብቦ ሊጨርሰው ይችላል።

ላየንስም በ1976 እና በ1977 ሁለት ጥራዝ አዘጋጀ። በመጀመሪያው ጥራዝ ኮዱን እንዳለ፣ መስመሩን ሁሉ ቁጥር ሰጥቶ፣ ለንባብ እንዲመች ቅደም ተከተሉን አስተካክሎ አተመው። በሁለተኛው ጥራዝ ያንን እየተከተለ «በዚህ መስመር ይህ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው» እያለ ተረጎመው። የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ያየ አንባቢ ይህን አሠራር ለማወቅ አይቸገርም፤ ንባብ አንድ፣ ትርጓሜ አንድ ነው። ላየንስ ስለኛ ሊቃውንት የሰማው ነገር አለ እያልን አይደለም፤ ከባድ ጽሑፍን ለተተኪ ትውልድ ለማስረከብ የሚፈልግ መምህር የትም ቢሆን እዚያው ዘዴ ላይ ሳይደርስ አይቀርም ለማለት ነው። የላየንስ ተማሪዎችም ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ከተማሪዎቹና ከባልደረቦቹ የተገኙ ማሻሻያዎች ወደ ሌሎች ዩኒቨርስቲዎች ተሻገሩ። ከሲድኒ በስተደቡብ ባለው በወሎንጎንግ ዩኒቨርስቲም ሪቻርድ ሚለር በ1977 ዩኒክስን ከፒዲፒ ውጪ ወደሆነ ኢንተርዳታ ወደሚባል ኮምፒዩተር አሸጋገረው። ዳር ያለ ሰው ማዕከሉ ያልሠራውን ሠራ።

ከዚያ በሩ ተዘጋ። በ1979 ሰባተኛው እትም ሲወጣ ከፈቃዱ ጋር አዲስ ቃል መጣ፦ ሶርስ ኮዱን በትምህርት ክፍል ውስጥ ማስተማሪያ ማድረግ ክልክል ነው። ኩባንያው ጽሑፉ ገንዘብ እንደሚያወጣ ገብቶት ነበር፤ በ1984 ከተከፋፈለ በኋላማ የቀድሞው እገዳ ስለተነሳለት በግላጭ መነገድ ጀመረ። የላየንስ መጽሐፍም ፈቃድ ካለው ሰው በቀር ማንም የማይይዘው ሆነ። እንግዲህ ፎቶ ኮፒው የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ተማሪ ከተማሪ፣ መሐንዲስ ከመሐንዲስ እየተቀበለ በሌሊት አባዛው፤ የኮፒ ኮፒ፣ የዚያም ኮፒ። በሙያው ዓለም ካሉት መጻሕፍት ሁሉ በብዛት የተባዛው ይኸው ሳይሆን አይቀርም እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራለታል። መቁጠር የሚቻል ነገር አይደለምና እኛም እንዳለ እናሳልፈዋለን።

ለተዘጋው በር የተሰጠው መልስ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። በአምስተርዳም ያስተምር የነበረው አንድሩ ታነንባውም ኮዱን ማስተማር ስለተከለከለ የራሱን ትንሽ ሲስተም ከባዶ ጻፈና በ1987 «ሚኒክስ» ብሎ ከነመማሪያ መጽሐፉ አወጣው። በአሜሪካ ኤምአይቲ ሪቻርድ ስቶልማን የያዘው መንገድ ሌላ ነበር። እሱን ያናደደው ነገር እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል፤ የፕሪንተር ነገር ነው። በቀድሞው ፕሪንተር ፕሮግራም ላይ ወረቀት ሲጣበቅ ለተጠቃሚዎች የሚያሳውቅ ነገር ጨምሮበት ነበር። ከዜሮክስ የመጣው አዲሱ ፕሪንተር ግን ያለ ሶርስ ኮድ መጣ፤ ኮዱን የያዘውን የሌላ ዩኒቨርስቲ ሰው ሄዶ ቢጠይቀው «ላለመስጠት ፈርሜያለሁ» አለው። ስቶልማን በ1983 መስከረም የግኑን ፕሮጀክት አስታወቀ፤ በ1984 መጀመሪያ ሥራውን ለቀቀ፤ በ1989 ደግሞ ጂፒኤል የሚባለውን የፈቃድ ጽሑፍ አወጣ። የጂፒኤል ብልሃት የባለቤትነትን ሕግ በራሱ ላይ ማዞሩ ነው። ጽሑፉን አንብብ፣ ለውጥ፣ አባዛ፣ ሽጥም፤ ግን ለሌላ ስታስተላልፍ አንተ የተቀበልከውን መብት እሱም ይቀበል ይላል። እሾህን በእሾህ ይሉታል የኛ ሰዎች።

ሦስተኛው መልስ ከበርክሌይ የመጣ ነው፤ ለኛ ከሁሉ የሚጥመን እሱ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዩኒክስ ላይ ብዙ ጨምረውበት ነበር፤ ግን የነሱ ጽሑፍ ከኩባንያው ጽሑፍ ጋር እንደ ጤፍና እንክርዳድ ተቀላቅሏል። ኪት ቦስቲክ የሚባል ሰው እንለየው አለ። ባልደረቦቹ እንደ ሕልም ቆጠሩበት፤ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች እንደገና መጻፍ አለባቸው። ቦስቲክ በየአገሩ ላሉት በጎ ፈቃደኞች በመረብ ጥሪ አቀረበ። የኩባንያውን ኮድ ሳታዩ፣ ለሕዝብ የወጣውን መግለጫ ብቻ ይዛችሁ፣ አንድ አንድ ፕሮግራም ጻፉ አለ። ደሞዙ ምን ነበር? ከጻፉት ፕሮግራም አጠገብ ስማቸው እንዲሰፍር፤ ሌላ ምንም። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ከሞላ ጎደል ተጽፈው አለቁ። በ1991 ሰኔ ጽሑፉ ወጣ፤ በ1992 ክስ ተመሠረተ፤ በ1994 በስምምነት ሲዘጋ ከ18,000 ፋይል ውስጥ እንዲወጣ የተደረገው ሦስት ብቻ ነበር። ይህ ሁሉ ጩኸት ለሦስት ፋይል!

ሊኑክስን አንባቢያችን ያውቀዋልና አናስረዝምም። የ21 ዓመቱ የሄልሲንኪ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በታነንባውም ሚኒክስ ላይ ተምሮ፣ ሚኒክስ ስላልበቃው በ1991 የራሱን ጻፈ፤ የመጀመሪያው ወደ 10,000 መስመር ነበር፤ በ1992 በስቶልማን ጂፒኤል ሥር አዋለው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደ አንድ ጀግና ገድል ሲያወሩት እንሰማለን። እኛ ግን ሰንሰለቱን እንይ እንላለን። መጽሐፍ ተከለከለ፣ መምህር ሌላ ጻፈ፣ ተማሪ አነበበው፤ ፈቃዱ ከሌላ ክፍለ ዓለም መጣ፣ መሣሪያዎቹም እንዲሁ። ሊኑስን ለማሳነስ አይደለም፤ የብዙ ሰዎች ልፋት በአንድ ፎቶግራፍ ሥር ሲቀመጥ ስለማይጥመን ነው።

በነዚህ ሁሉ መካከል ስሟ ብዙ የማይነሳ አንዲት መሣሪያ አለች። ላሪ ዎል በ1985 «ፓች» የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አወጣ። ከሷ በፊት «ዲፍ» የምትባል ነበረች፤ ሁለት ጽሑፎችን አስተያይታ ልዩነታቸውን ብቻ ታወጣለች። ፓች ደግሞ ያንን የልዩነት ወረቀት ተቀብላ በዋናው ጽሑፍ ላይ ትተገብረዋለች። ይህ ምን ፋይዳ አለው? ሰው ሙሉውን መጽሐፍ ከመላክ ይልቅ «በዚህ መስመር ይህን አውጡ፣ ይህን አስገቡ» የሚል አጭር ደብዳቤ ይልካል። ተቀባዩም ደብዳቤውን አንብቦ፣ ተከራክሮ፣ ሲስማማበት ያስገባዋል፤ ካልተስማማበት ምክንያቱን ይጽፋል። ሐሳብና ክርክር መስመር በመስመር፣ ከነምክንያቱ፣ ከነጸሐፊው ስም ተመዝግቦ ቀረ። በስብሰባ ላይ «ነገሩ መሻሻል አለበት» ብሎ መቀመጥ ቀላል ነው፤ ፓች ላክ የተባለ ሰው ግን የቱ መስመር በምን ይተካ ብሎ መናገር አለበት። አንዳንድ የምናውቃቸው ስብሰባዎች በፓች ቢመሩ ብለን ተመኝተን እናውቃለን።

ነገሩን ሁሉ በማር ለውሰን እንዳናቀርብ ግን ሁለት ቀን እንጥቀስ። ክፍት የሆነ ጽሑፍ ብዙ ዓይን ስለሚያየው ስሕተቱ አይደበቅም የሚል እምነት በማኅበሩ ውስጥ ጸንቶ ኖሯል። በ2014 ሚያዝያ የዓለምን የመረብ ምሥጢር የሚጠብቀው ኦፕን ኤስኤስኤል ውስጥ ከባድ ቀዳዳ ተገኘ፤ ጽሑፉ ለሁሉም ክፍት እንደሆነ ቀዳዳው ሁለት ዓመት ተቀምጦበታል። የዓለም ባንኮችና ኩባንያዎች የሚመኩበትን ይህን ፕሮግራም በእጃቸው የያዙት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። በ2024 መጋቢት ደግሞ «ኤክስዜድ» በሚባል ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር ተገኘ። የቀበረው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ጥሩ ጥሩ ፓች እየላከ፣ ብቻውን የደከመውን የፕሮግራሙን ኃላፊ እምነት አሸንፎ የገባ ነው። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ሲሆን፣ የነቃውም የራሱ ኮምፒዩተር መግቢያ በግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነው። ግማሽ ሰከንድ! ሌላው ሰው «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ያልፍ ነበር፤ እሱ ግን ኮዱን ገለጠ። ለመግለጥ መብት ነበረው፤ ለመግለጥ ልማድም ነበረው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው፤ በር ክፍት ስለሆነ ብቻ ሰው አይገባም።

ይህ ወደኛም ይመጣል። በ1990ዎቹ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራሞች ለፊደላችን የሚሰጡት ኮድ ለየብቻው ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የአጋንንት ጽሕፈት ይመስል ነበር። ያንኑ ሥራ ሁሉም ለየብቻው ደግሞ ደጋግሞ ሠራው። ፊደላችን በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ በ1999 ከገባ በኋላ ነው አንዱ የጻፈውን ሌላው ያለ ጭንቅ የሚያነበው። ዛሬ የነዚያ የሲድኒ ተማሪዎች መጽሐፍም ሆነ የሊኑክስ ኮድ ለኛ አልተከለከለም። ከመካከላችን ዘጠኙ ሆነን አንድ ሴሚስተር የላየንስን ሁለት ጥራዝ ለማንበብ ተነስተን ነበር። በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ እንገናኛለን ተባባልን። በሦስተኛው ሳምንት ስድስት ቀረን፣ ከፈተና በኋላ ሦስት። መብራት ጠፋ፣ እንግሊዝኛው ከበደ፣ ሲ ቋንቋው ሽማግሌ ሆነብን፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን የምናነበውን በራሳችን ቋንቋ ለሚቀጥለው ሰው እየጻፍን አለመሄዳችን ነው ዋናው ጥፋታችን። የቀሩት ሦስቱ የተረዱት በሦስቱ ጭንቅላት ውስጥ ቀረ። አሁን ሐሙስ ማታውን እንደገና ጀምረናል፤ በዚህ ጊዜ ያነበበ ሁሉ ያነበበውን መስመር ቁጥር ጠቅሶ በአማርኛ በደብተር ያሰፍራል፤ ያልገባውንም ከግርጌ ይጽፋል። ደብተሩ በንባብ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።

የላየንስ መጽሐፍ በ1996 በሕግ ተፈቅዶለት በአደባባይ ታተመ፤ ሃያ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው መሆኑ ነው። ላየንስ ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1998 ታኅሣሥ አረፈ። በመጽሐፉ ውስጥ፣ በመስመር 2238፣ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚሳሳቁባት አንዲት ማስታወሻ አለች። አንዱ ሥራ ቆሞ ሌላው የሚጀምርበትን ድርቅ ያለ ቦታ የጻፉት የቤል ሰዎች አንባቢው ይህን እንዲረዳው እንደማይጠበቅበት ከጎኑ አስፍረዋል። ብዙ ተማሪ እንደ ንቀት ቆጥሮት ተናዶበታል። ሪቺ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲያብራራ፣ ንቀት እንዳልነበረና «ፈተና ላይ አይመጣም» እንደማለት ያህል መሆኑን ጻፈ። ዋናው ችግር ግን ሌላ ነበር አለ፤ ያ ቦታ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የሠራው በአጋጣሚ ነበር። ወደ ኢንተርዳታ ሲያሸጋግሩት አልሠራ ሲላቸው ነው እነሱም ራሳቸው ያልገባቸው መሆኑን ያወቁት።